«የሥራ ፈት ሴቶች ወሬ» ላሉን ጸሐፊ

ሰሞኑን በቴሌግራም ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ እኔም ጋ ደርሷል። ማርጃን ሳትራፒ የተባለችው ኢራናዊት የጻፈችውንና የሣለችውን «ጥልፍ» የተሰኘ ግራፊክ ኖቭል (በሥዕል የሚተረክ መጽሐፍ) ከጫፍ እስከ ጫፍ ይወቅሳል። ክሶቹ ባጭሩ እነዚህ ናቸው፦ መጽሐፉ የልጆች ኮሚክ ነው፤ ይዘቱ የሥራ ፈት ሴቶች ወሬ ነው፤ የተጻፈው ፈረንጅን ለማስደሰት ነው፤ ወንድን ሁሉ ያዋርዳል፤ ለኛ ባህል ብልግና ነው፤ ሲያልቅም የሚያወራው ስለ ጥቂት የቴህራን ሀብታሞች ብቻ ነው። ስም ስላልተጻፈበት እኔም «ጸሐፊው» እያልኩ እቀጥላለሁ። አንቱታውን ግን አልነፍጋቸውም።

መጀመሪያ ላላነበባችሁ። ሳትራፒ በ1969 በራሽት ተወልዳ በቴህራን አደገች (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ14 ዓመቷ ወላጆቿ ወደ ቪየና ላኳት። ተመልሳ ቴህራን ተማረች፣ በ21 ዓመቷ አገባች፣ ፈታች፣ በ1994 ጠቅልላ ፈረንሳይ ገባች። ዓለም ያወቃት በ«ፐርሰፖሊስ» ነው፤ ከ2000 እስከ 2003 በአራት ቅጽ የወጣ የልጅነትና የወጣትነት ታሪኳ። «ጥልፍ» በዚያው በ2003 በፈረንሳይኛ ታተመ። ቀጭን መጽሐፍ ነው። ምሳ ተበልቷል፣ ወንዶቹ ሊያሸልቡ ሄደዋል። ሴቶቹ ዕቃውን ካነሱ በኋላ ሻይ ይዘው ይቀመጣሉ፦ አያት፣ እናት፣ አክስት፣ ጎረቤት፣ ጓደኛ። ወሬው ስለ ፍቅር፣ ስለ ትዳር፣ ስለ አልጋ ነው። የርዕሱ «ጥልፍ» በሴቶቹ አነጋገር ድንግልናን መልሶ የሚያሰፋው ቀዶ ሕክምና ነው።

አሁን ወደ ክሶቹ።

«ኮሚክ የልጆች ነው»

ይቺን ቶሎ እንለፋት። የአይሁዶችን እልቂት በአይጥና በድመት ሥዕል የተረከው የአርት ስፒገልማን «ማውስ» በ1992 የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል። ሳትራፒ ራሷ የሙዚቃ መሣሪያው ተሰብሮበት ለመሞት ስለወሰነ ሙዚቀኛ በሠራችው መጽሐፍ በ2005 የአንጉሌምን የምርጥ ኮሚክ መጽሐፍ ሽልማት ወስዳለች። አንጉሌም ለኮሚክ ሰዎች ትልቁ መድረክ ነው። «ፐርሰፖሊስ» ፊልም ሆኖ በ2007 በካን የፊልም ፌስቲቫል የዳኞች ሽልማት ተጋርቷል። ጸሐፊው ኮሚክን የልጆች ያሉት ልጅ ሆነው ስላነበቡት ብቻ ከሆነ፣ ቅርጹ ምንም አላጠፋም።

«ሥዕሉም የጀማሪ ነው» ላሉት ግን ትንሽ ልቁም። የተለመደው ኮሚክ ገጹን በሳጥን በሳጥን ይከፋፍላል፤ «ፐርሰፖሊስ»ም እንደዚያ ነው። «ጥልፍ» ውስጥ ሳጥን የለም። ነጭ ገጽ ላይ ጥቁር ቀለም፣ ፊቶችና እጆች፣ በእጅ የተጻፈ ንግግር። አንዷ ስታወራ ንግግሯ እየፈሰሰ ከሌላዋ ጋር ይገናኛል፤ ማን የት እንደጨረሰ መስመር አይነግርህም። የሴቶች ጨዋታ ደግሞ እንዲሁ ነው። አንዷ ጀምራ ሌላዋ ትጨርሰዋለች፣ ሦስተኛዋ «ቆይ ቆይ፣ የኔን ስሙ» ትላለች። ጀማሪ የሚመስለው ነገር ታስቦበት የተሠራ ነው። መውደድ አለመውደድ ሌላ ጉዳይ ነው።

«የሥራ ፈት ወሬ ነው፣ ፖለቲካ የለበትም»

ዋናው ክስ ይሄ ነው። ጸሐፊው «አብዮት የለ፣ ጦርነት የለ፣ እስር ቤት የለ፤ ታዲያ ምን ሊነግረን ነው?» ይላሉ።

ወሬ መሆኑን መጽሐፉ ራሱ አልደበቀም። አያትየዋ ሰውን ማማት ለልብ መተንፈሻ እንደሆነ ሳታፍር ትናገራለች። ይቺ አያት ሦስት ጊዜ ያገባች ሴት ናት። ጠዋት ጠዋት ሻይዋ ውስጥ ቅንጣት ኦፒየም አሟሙታ ካልጠጣች ሰው አትሆንም። ሳሞቫሩን (የሻይ ማፍያውን) የማፍላቱ ሥራ የልጅ ልጅዋ ነው። እንግዲህ ከዚህ ቤት የፓርላማ ንግግር መጠበቅ የአንባቢው ስህተት ነው።

ግን ወሬው ምን እንደሆነ እንይ። አያትየዋ የጓደኛዋን የናሂድን ታሪክ ታወራለች። ናሂድ ሠርጓ ደርሷል። የምታገባው ሰው ከዚህ በፊት የምትወደው ልጅ እንደነበረና ድንግል እንዳልሆነች አያውቅም። ልጅቷ እያለቀሰች ምክር ፈለገች። አያት ምላጭ ሰጠቻት። ምክሩ ቀላል ነው፦ ሰዓቱ ሲደርስ እግርሽን ጫን ጫን አድርጊ፣ ጩኺ፣ ከዚያ ትንሽ ቆረጥ አድርጊና ጥቂት ደም ይውጣ፤ እሱ ይኮራል፣ አንቺም ክብርሽ ይጠበቃል። ናሂድ በድንጋጤ ምላጩን ስትሰነዝር የተቆረጠችው እሷ ሳትሆን የሙሽራው የዘር ፍሬ ሆነ።

እዚህ ላይ ሴቶቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። እኔም ስቄያለሁ። ነገር ግን ሳቁ ሲበርድ ምን ይቀራል? አንዲት ልጅ በሠርጓ ሌሊት ምላጭ ደብቃ አልጋ ላይ ወጥታለች። ይህ ፖለቲካ ካልሆነ ፖለቲካ ምን እንደሆነ ጸሐፊው ቢያስረዱን ጥሩ ነበር።

ነገሩ የቤተሰብ ክብር ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ሕግም አለበት። በኢራን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1043 መሠረት አንዲት ድንግል ልጅ ዕድሜዋ የፈለገውን ያህል ቢደርስ ለማግባት የአባቷ ወይም የአባቷ አባት ፈቃድ ያስፈልጋታል። አባት ያለ በቂ ምክንያት ከከለከለ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላለች። ማለት፣ ስለ ድንግልና የሚያወሩት እነዚያ ሻይ ጠጪ ሴቶች ብቻ አይደሉም፤ ሕግ አውጪውም ያወራል። ልዩነቱ ሴቶቹ እየሳቁ ማውራታቸው ነው።

የፓርቪንን ታሪክ ደግሞ ጸሐፊው ጭራሽ አላነሱትም። ገርሞኛል፣ ምክንያቱም መጽሐፉን ከፍቶ ይሄንን ማለፍ ከባድ ነው። ፓርቪን በ13 ዓመቷ ለ69 ዓመት ጄኔራል ትዳራለች። በሃምሳ ስድስት ዓመት ይበልጣታል። በሠርጓ ሌሊት አምልጣ ወደ አክስቷ ቤት ትሮጣለች። ሳትራፒ እዚህ ምንም ዲስኩር አትጨምርም። ሽማግሌና ሕፃን ጎን ለጎን ትሥላለች፣ አለቀ።

«ይሄ የድሮ ታሪክ ነው» የሚል ካለ፣ የዕድሜውን ጉዳይ እንመልከት። ከአብዮቱ በፊት በ1975 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜን 18 አድርጎት ነበር። በ1979 አብዮት መጣ፣ ያ ሕግ ተነሣ፣ መለኪያው ጉርምስና ሆነ፤ ለሴት ልጅ ማለት 9 የጨረቃ ዓመት። በ2002 ከብዙ ክርክር በኋላ ወደ 13 ከፍ አለ። ከዚያ በታችም ቢሆን አባትና ፍርድ ቤት ከፈቀዱ ይቻላል። ፓርቪን ስታመልጥ 13 ዓመቷ ነበር። መጽሐፉ ሲታተም ሕጉ የተወው ቁጥር 13 ነው። አብዮት የለበትም ለተባለው መጽሐፍ ይህ ትንሽ ግጥጥሞሽ አይደለም።

አዚ የምትባለዋም አለች። ስዊዘርላንድ የሚኖር ኢራናዊ ታገባለች። ሰውየው ወርቋን ይዞ እብስ ይላል። አዚን ይበልጥ የሚያንገበግባት ግን ወርቁ አይደለም፤ ድንግልናዬን ወሰደ ነው የምትለው። ሌሎቹ ይቆጧታል፣ ያሾፉባታል፣ መላ ይመቱላታል። ጸሐፊው ይሄንን ቦታ «ሴቶቹ ለተበደለችው እንኳ አያዝኑም» ብለው ተርጉመውታል። እኔ ደግሞ ቡና ላይ የምንሰማው ዓይነት ማጽናናት ነው የመሰለኝ፦ ተነሺ፣ ለዚህ ሌባ ነው የምታለቅሺው?

«የተጻፈው ፈረንጅን ለማስደሰት ነው»

ይሄ ክስ አዲስ አይደለም። ከአገሩ ወጥቶ ስለ አገሩ የጻፈ ሁሉ ይደርሰዋል። የኢራን መንግሥት የፊልም ተቋምም በ2007 «ፐርሰፖሊስ» ካን ላይ መቅረቡን ተቃውሞ ለፈረንሳይ ኤምባሲ ደብዳቤ ጽፏል።

ክሱን በቁም ነገር እንየው። ፈረንጅን ለማስደሰት የሚጽፍ ሰው ምን ይሠራል? ሳትራፒ ምን ሠራች? ፈረንሳይ በትምህርት ቤት ሂጃብ ልትከለክል ስትዘጋጅ፣ በ2003 መጨረሻ፣ ሳትራፒ በአደባባይ ጽፋ ተቃወመች። ራሷ ሂጃብን በግድ ያለበሷት ሴት ናት፤ ሂጃብን አትወድም። በግድ ማልበስና በግድ ማስወለቅ ግን ለሷ አንድ ነው። ይህ በዚያን ጊዜ ፈረንሳይ ውስጥ የሚያስጨበጭብ አቋም አልነበረም። በጥር 2025 ደግሞ የፈረንሳይን ከፍተኛ ኒሻን፣ ሌዥዮን ዶነርን፣ አልቀበልም አለች። ምክንያቷም ፈረንሳይ በኢራን ጉዳይ ላይ ግብዝ ናት የሚል ነው። ላሞግስህ ብሎ የተነሣ ሰው ኒሻን አይመልስም።

በሌላ በኩል ምዕራቡም መጽሐፎቿን እጁን ዘርግቶ ብቻ አልተቀበለም። በ2013 የቺካጎ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች አስተዳደር «ፐርሰፖሊስ» ከክፍል እንዲወጣ አዝዞ ተማሪዎች ሰልፍ ወጥተዋል። ቱኒዚያ ውስጥም ፊልሙን ያሳየ የቴሌቪዥን ባለቤት በ2012 ተቀጥቷል። ቺካጎም ቱኒስም ያልወደዱትን ሥራ «ለአንዱ ወገን የተጻፈ» ማለት ያስቸግራል።

ደግሞ «ጥልፍ»ን ስታነቡ ሴቶቹ አውሮፓን ገነት አያደርጉትም። አውሮፓ ለነሱ አንዳንዴ ማምለጫ ነው፣ አንዳንዴም የአዚን ወርቅ ይዞ የሚጠፋው ባል መኖሪያ ነው። «ውጭ አገር ያለ ሙሽራ» የሚባለው ነገር እንዴት አንገት እንደሚያስቀላ ጥሩ አድርገው ያውቃሉ። ዱባይም ዋሽንግተንም ሆኖ ይህን ለሚያነብ አበሻ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

«ወንድን ሁሉ ያዋርዳል»

እውነት ነው፣ ወንዶቹ እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ብዙ አይከበሩም። አንዷ የባለትዳር ሰው ውሽማ መሆን ከሚስትነት እንደሚሻል ስትከራከር የምታቀርበው ማስረጃ ቆሻሻ ሸሚዙን፣ መጥፎ ትንፋሹን፣ ኪንታሮቱንና ኩርፊያውን ሁሉ የምትችለው ሚስቱ ናት የሚል ነው። ወደ ውሽማ ሲመጣ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ጥርሱን አብርቶ ነው። ወንድ ሆኖ ይህን የሚያነብ ሰው ትንሽ ቢሸማቀቅ አይፈረድበትም።

ግን ሴቶቹስ ራሳቸውን መቼ ማሩ? አራት ሴት ልጆች ወልዳ የወንድ ብልት በዓይኗ አይታ የማታውቅ ሴት አለች። መብራቱ ይጠፋል፣ ነገሩ ያልቃል፣ ልጅ ይወለዳል። ሌላዋ ከመቀመጫዋ ስብ አስወጥታ ጡቷ ላይ አስሞልታለች፤ ባሏ ጡቷን ሲስም የት እየሳመ እንደሆነ አለማወቁ ያስቃታል። እዚህ ጨዋታ ላይ ማንም ሳይነካ አይቀርም።

ጸሐፊው ሳትራፒ ስለ ወንድ ያላትን አመለካከት ማወቅ ከፈለጉ «ፐርሰፖሊስ» መጨረሻ ላይ አባቷን ይመልከቱ። ልጁ ልታገባ ስትል እጮኛዋን ለብቻው አነጋግሮ የጠየቀው ጥሎሽ አልነበረም። በውሉ ላይ የመፍታት መብት ስጣት ነው ያለው። በኢራን ሕግ የመፍታት ሥልጣን በመሠረቱ የባል ነው። ሴቲቱ ልፍታ ካለች ኑሮው እንዳስመረራት ለፍርድ ቤት ማስረዳት ይኖርባታል፤ ካልሆነ ኒካሁ ሲታሰር ባልየው ሥልጣኑን በጽሑፍ እንዲወክላት ማድረግ ይቻላል። አባትየው ይህን ቀዳዳ ያውቃል። ትዳሩ እንደማይዘልቅም ጠርጥሯል፤ ግን አልከለከላትም፣ መውጫ በር ነው ያስከፈተላት። ወንድን የምትጠላ ደራሲ እንዲህ ያለ አባት አትሥልም።

«ለባህላችን ብልግና ነው»

ጸሐፊው «የኛ እናቶች እንዲህ አያወሩም» ይላሉ። እኔ ምን ልበል። ወንድ ሲገባ ጸጥ የሚለው ጨዋታ ምን እንደነበር ገምተው አያውቁም ማለት ነው።

ደም የነካው ጨርቅ ይዞ፣ «ብር አምባር» እየተባለ፣ በማግስቱ የሙሽሪት ወላጆች ደጅ የሚዘፈንበት አገር ውስጥ ድንግልና በሹክሹክታ የሚነሣ ርዕስ አይደለም። አታሞ ይመታለታል። በአደባባይ ሲጨፈርበት ባህል፣ ሴቶች ለብቻቸው ተቀምጠው ሲያወሩት ብልግና የሚሆንበት ሂሳብ አይገባኝም። የዚያ ጨርቅ ጭንቀት ምን እንደሚመስል የናሂድ ምላጭ ከማንም በላይ ያሳያል። ለዚህ ነው መጽሐፉ ለኛም አንባቢ ይሆናል የምለው፤ ባህላችን ከነሱ ጋር አንድ ስለሆነ አይደለም።

መጽሐፉ ለልጆች አይሰጥ የሚለው ላይ ግን እስማማለሁ። የአዋቂ መጽሐፍ ነው። እዚህ ላይ ግን ጸሐፊው ከራሳቸው ጋር ይጣላሉ፦ ከላይ የልጆች ነው ብለውን ነበር።

«የጥቂት ሀብታሞች ጉዳይ ነው»

የመጨረሻው ክስ ከሁሉም የተሻለው ነው፤ ጸሐፊው ግን በሁለት መስመር ጨርሰውታል። እኔ ጊዜ ልስጠው።

አዎ፣ እነዚህ ሴቶች የደላቸው ናቸው። የሳትራፒ ቤተሰብ የተማረ፣ ግራ ዘመም፣ ኑሮው የተሟላ፣ በእናቷ በኩል እስከ ቃጃር ነገሥታት የሚደርስ ነው። ጡት ለማስተካከል ቀዶ ሕክምና የሚገባ፣ ችግር ሲመጣ አውሮፓ የሚሄድ ሰው የኢራን ሴት ሁሉ ወኪል አይደለም። የገጠሯ፣ የምንጣፍ ሠሪዋ፣ በ13 ዓመቷ ተድራ የምታመልጥበት አክስት የሌላት ልጅ እዚህ ሻይ ላይ የለችም።

ግን መጽሐፉ የኢራን ሴቶችን ሁሉ እወክላለሁ አላለም። የአንድ ቤት፣ የአንድ ከሰዓት በኋላ ጨዋታ ነው። ከዚህም ቤት ውስጥ እንኳ ገንዘብና ትምህርት ፓርቪንን ከጄኔራሉ፣ አዚን ከሌባው አላዳናቸውም። ሀብታሟ እንዲህ ከሆነች ድኻዋ ምን ትሆናለች የሚለውን አንባቢ ራሱ ማሰብ ይችላል።

ጸሐፊው ትንሽ ቢገፉበት ኖሮ ግን የሚያሸንፍ ክርክር ያገኙ ነበር። «ፐርሰፖሊስ» ውስጥ መህሪ የምትባል የቤት ሠራተኛ አለች። ገና በልጅነቷ ወደዚህ ቤት የመጣች፣ ማርጃንን ያሳደገች ልጅ ናት። የጎረቤቱን ልጅ ትወዳለች። መጻፍ ስለማትችል የፍቅር ደብዳቤዋን የምትጽፍላት ትንሿ ማርጃን ናት። ለልጁ መህሪ የቤቱ ልጅ መስላው ነበር፤ ሠራተኛ መሆኗን ሲነግሩት ትቷት ሄደ። የነገረውም ያው ከላይ ያመሰገንኩት የማርጃን አባት ነው። ለልጁ ለማርጃንም በዚህ አገር ሰው ከመደቡ መውጣት እንደማይችል ያስረዳታል። ሳትራፒ ይህን አልደበቀችም፤ ቤተሰቧ ላይ ጨክና ሥላዋለች።

ታዲያ «ጥልፍ» ውስጥ መህሪን የመሰለች ሴት የት አለች? ሁሉም የሚናገሩት ከአንድ ወገን ነው። ዕቃ ማጠቡን እንኳ ራሳቸው ናቸው የሚጨርሱት፤ ሠራተኛዋ ከሥዕሉ ወጥታለች። ስለ ፍቅርና ትዳር ከነዚህ ሁሉ ሴቶች ይልቅ የምትለው ያላት እሷ ነበረች። አንድ ብርጭቆ ሻይ ተቀድቶላት፣ አያትየዋ «ነይ ተቀመጪ፣ ያ ልጅ እንዴት አደረገሽ?» ብትላት ምን ትመልስ ነበር? ጸሐፊው ሁለተኛ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ከሆነ ከዚህ ይጀምሩልን። ያኔ መልስ ከመጻፍ ይልቅ ሼር ለማድረግ ነው የምቸኩለው።